የመቅመቆ ሥር የግፊት ክኒን ይተካል ወይ?

ስለ መቅመቆ በኢንተርኔት የተከፈተ አንድ የውይይት ክር፣ ማለትም አንድ ጽሑፍና ከሥሩ የተሰለፉትን መልሶች፣ አነበብኩ። ክሩን የከፈተው ጽሑፍ ስድስት መስመር ብቻ ነው፤ በራሱም በጣም ይተማመናል። የመቅመቆ ሥር ዱቄት አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ አፍልቶ ጠዋት በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው በሳምንት ውስጥ የደም ግፊቱ ይወርድለታል፣ ከዚያ ወዲያ ክኒን መዋጥ አያስፈልገውም ይላል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዱቄቱ ይሻላል ወይስ ሥሩን ሰባብሮ ማፍላት? ከሥር የተከተሉት 24 መልሶች ግን በአብዛኛው የተጠመዱት ባልጠየቀው ነገር ላይ፣ ክኒን አያስፈልግም ብሎ ባለፈው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በየገበያውና በየስልኩ እየዞረ ስለሆነ ክሩን እስከ ታች ላልወረደ ሰው እንዲደርስ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

መልስ 1 ምስጋናና ምርቃት ነው። መልስ 2 ማንኪያው የቱ እንደሆነ ጠየቀ። የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ግራም የሥር ዱቄት ይይዛል፤ የሾርባ ማንኪያ ተከምሮ ከ10 ግራም ያልፋል። አንድ ማንኪያ ተብሎ የተጻፈው ነገር በአንዱ ቤት ሆድ የሚያለሰልስ፣ በሌላው ቤት ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት የሚያመላልስ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ጥያቄ እስከ ክሩ መጨረሻ መልስ አላገኘም።

መልስ 3 የተጠየቀውን በትክክል የመለሰ ብቸኛው ሰው ነው። ሥሩን ቁርጥራጩን ገዝቶ ማፍላት ይሻላል ባይ ነው፤ ምክንያቶቹም ጥሩ ናቸው። ቁርጥራጭ ሲሆን ሻጋታው፣ አፈሩና በትል የተበላው ይታያል፤ ዱቄት ሲሆን ሁሉም ይደበቃል። ጥሩ የደረቀ ሥር ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ከደማቅ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ ነው፤ የሚተጣጠፍ ከሆነ ሳይደርቅ የታሸገ ነው፣ ይሻግታል። ሌላው ልዩነት አሰሩ ነው። ተፈልቶ በነጠላ ጨርቅ ሲጠለል የሚጠጣው ውሃው ያወጣው ክፍል ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ከነአሰሩ ሲጠጣ ሥሩ እንዳለ ወደ ሆድ ይገባል። የገበያ ዱቄት ብዙ ጊዜ የሚፈጨው በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ስለሆነ ጨጓራ ያለበት ሰው የሚያቃጥለው መቅመቆው ሳይሆን በርበሬው ሊሆን እንደሚችልም አክሏል። በቤት ሙቀጫ መውቀጥ ለዚህ መፍትሔ ነው።

የክሩ ዋና ነገር መልስ 4 ላይ ነው። ጸሐፊው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ እንደሆነ ከአጻጻፉ ይታወቃል፤ የከፈተውንም ሰው እርስዎ እያለ በትሕትና ነው የሚያናግረው። ግፊቱ በመጀመሪያው ሳምንት መውረዱን አይክድም። የሚለየው ምክንያቱ ላይ ነው። በብዛት ከሚታዘዙት የግፊት ክኒኖች አንዱ አምሎዲፒን ነው። አምሎዲፒን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከሰውነት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ከ6 እስከ 10 ቀን ያልፋል። ስለዚህ ሰኞ ክኒኑን ትቶ መቅመቆ የጀመረ ሰው ሐሙስ ሲለካ የሚያየው ቁጥር በአብዛኛው የክኒኑ ትራፊ ነው። ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሰጣል። በዚያ ላይ መቅመቆ ሆድ ያስኬዳል። ሰው ሲያስቀምጠው ውሃና ጨው ያጣል፣ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ግፊቱም ለጊዜው ዝቅ ይላል። የወረደው ሕመሙ ሳይሆን ውሃው ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ክኒኑ ተጠርጎ ሲወጣና ሆዱ ሥሩን ሲለምድ ግፊቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚለካ የለም፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ተዘግቷል ተብሏል። አንዳንዱ ግፊቱ እንዳልለቀቀው የሚያውቀው ስትሮክ ሲመታው ነው።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ባህል መድኃኒት በሚደረግ ክርክር ሁሉ የሚጎድለው እንዲህ ያለው ማብራሪያ ነው፤ ተሻለኝ የሚለውን ሰው ዋሽተሃል ሳይሉ ያየው ነገር ከየት እንደመጣ ማሳየት።

መልስ 5 የከፈተው ሰው ራሱ ነው፤ ተቆጥቷል። አባቶቻችን ክኒን ሳይኖር በመቅመቆ ይታከሙ ነበር፣ የሐኪም ወገን የራሱን ገበያ ነው የሚጠብቀው አለ። መልስ 6 ላይ ቃናው ተለወጠ፤ እርስዎ የነበረው አንተ ሆነ። በክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ራሱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ከላይና ከታች ቁጥር የምናነብበት የማዳመጥ ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። ያልተለካና ያልተሰማ ነገር መዳኑን አባት በምን ያውቃል ሲል ጠየቀ። አባቶች መቅመቆን ለሆድ ድርቀት፣ ለእከክና ለቁስል፣ ለቅቤ ቀለም ያውቁት ነበር፤ ለግፊት የሚለው የኛ ዘመን ጭማሪ ነው፣ በአባቶች ስም አትነግድ ብሎ ጨረሰ። የመጨረሻዋ ቃል ባትኖር ጥሩ ነበር። ነገሩ ግን እውነት አለው።

መልስ 7 ሁለቱን ለማስታረቅ ገባ። መቅመቆ ባዶ ወሬ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ሥሩ በአይጦች ላይ ሽንት እንደሚያበዛና ሕመም እንደሚያስታግስ አሳይቷል አለ። ልክ ነው፤ ጥናቱ አለ። ችግሩን መልስ 8 ወዲያው አነሳው። ለአይጦቹ የተሰጠው የተነጠረ ጭማቂ በኪሎ ክብደት ተመዝኖ ነው፤ በድስት የፈላ ዱቄት አይደለም። ሽንት ያበዛል ማለትም ለአንዳንዱ ሰው ምሥራች ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን አስቀድሞ የሚውጥ ሰው ሁለቱን ይደራርባል።

መልስ 9 ከዚያ ተነስቶ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በሽንት ያስወጣል፤ መቅመቆ ደግሞ በተቅማጥ ያስወጣል። ጤነኛ የደም ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ባለው ውስጥ ነው፤ ከ3 በታች ሲወርድ እግር ይዝላል፣ ባት ይኮማተራል፣ ልብ ምቱን ይስታል። ለልብ ድካም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ላይ ይህ መዛባት ገዳይ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ፖታሲየም ሲጎድል ዲጎክሲን መርዝ ይሆናል። ኢናላፕሪል የሚውጥ ሰው በተቅማጥ ውሃ ካለቀበት ኩላሊቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ሳይታይ አይታወቅም። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ደግሞ በድንገት ሲቆሙ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ግፊቱ ከበፊቱም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ትቶ ሥሩን መጀመርም፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድም በየራሱ መንገድ ይጎዳል። ይህን ከዚህ በተሻለ የተጻፈ አላየሁም።

መልስ 10 ስለ ነፍሰ ጡር ጠየቀች። መልስ 11 በአንድ መስመር አይሆንም አለ፤ ሆድ ዕቃን የሚያኮማትር ሥር በእርግዝና ጊዜ አይጠጣም፣ በእርግዝና የታየ ግፊት ደግሞ የዚያኑ ቀን ሐኪም ያየዋል፤ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ካለበት ለነገ አይባልም።

ከመልስ 12 እስከ 15 ክሩ ወደ ቅቤ ሄደ። ከርዕሱ መውጣት ነው፤ ግን መቅመቆ በእውነት የሠለጠነበት ቦታ ይህ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። አንዷ እንዳለችው ለአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ የተወቀጠ መቅመቆ ይበቃል። ቅቤው በለስላሳ እሳት ይቀልጣል፣ ነጩ አረፋ ይገፈፋል፣ ከዚያ መቅመቆው ከኮረሪማ፣ ከኮሰረት፣ ከአብሽና ከነጭ አዝሙድ ጋር ይገባል። ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ይንጫጫል፤ ድምፁ ሲጠፋና ቅመሙ ወደ ታች ሲወርድ ይነሳል፣ ትንሽ ቀዝቅዞ ይጠለላል። ቀለሙ ወርቅማ ቢጫ ነው የሚሆነው። መቅመቆው ሲበዛ ወደ ቡናማ ያዘነብላል፣ ምላስ ላይም የሚጨብጥ ምሬት ይተዋል። እሳቱ ሲበዛ ደግሞ ዱቄቱ ድስቱ ሥር ያርራል፣ ቅቤውም ጭስ ጭስ ይላል። ሌላው ቀለሙ ለምን ቅቤ ውስጥ እንደሚደምቅ ነገረ፤ ቢጫውን የሚሰጡት ኢሞዲን፣ ክራይሶፋኖልና ፊሲዮን የሚባሉት ነገሮች ከውሃ ይልቅ በስብ ይሟሟሉ። ሆድ የሚያስኬዱትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ መድኃኒት ቤት ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ሴና የሚሠራው በዚያው ቤተሰብ ነው። ቅቤ ውስጥ የማይጎዳው መጠኑ ስለሚያንስ ነው፤ በወጥ ላይ ሲደርስ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከቁንጥር በታች ነው። አንድ ሰው መሃል ገብቶ እንሶስላና መቅመቆ አንድ ናቸው ብሎ ነበር፤ አይደሉም፣ እንሶስላ እጅና እግር የሚቀላበት ሌላ ተክል ነው ተብሎ በትሕትና ተመልሶለታል።

ከሴና ጋር ያለውን ዝምድና የያዘ ሰው ጊዜውንም ይይዛል። እንዲህ ያሉ ሆድ የሚያስኬዱ ነገሮች ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይተው ነው የሚሠሩት። ለዚህ ነው ጠዋት ጠጥቶ እስከ ቀትር ምንም ያላየ ሰው ሁለተኛ ብርጭቆ የሚደግመው፣ ማታ ሁለቱም አብረው የሚነሱበት። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በላይ ተከታትሎ መውሰድም አንጀቱን ያሰንፈዋል፤ የሰውየው ሆድ ያለ ሥሩ አልሄድ ይላል። ይህን የጻፈው መልስ 15 ነው፤ የቅቤው ወሬ መሃል ስለተቀበረ ብዙ ሰው ያለፈው ይመስለኛል። ትኩስ ሥር ይበልጥ እንደሚያስመልስና እንደሚቆርጥም አንስቶ ነበር፤ በአውሮፓ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው የፍራንጉላ ቅርፊት አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ወይም ሳይሞቅ የማይሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 16 እውነተኛ መቅመቆን መለያ ዘዴ ይዞ መጣ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ የልብስ ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ጠብ ማድረግ፤ ቢጫው ወደ ቀይ ከተለወጠ መቅመቆ ነው አለ። ያምራል፣ ይሠራልም። መልስ 17 ግን ግማሹን አፈረሰው፤ እርድም በሳሙና ይቀላል። ነጋዴ መቅመቆን በእርድ ቢያበዛው ይህ ፈተና አይይዘውም። እርድን የሚያጋልጠው አፍንጫ ነው፣ ሽታው ወዲያው ይታወቃል፤ መቅመቆ ሽታው ደካማ ነው፣ ምላስ ላይ ግን ጎምዘዝ ብሎ ይጨብጣል።

መልስ 18 ከሁሉም የከበደውን መደባለቅ አነሳ። ቱልት የመቅመቆ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሥሩም ቢጫ ነው፣ በሳሙናም ይቀላል። ተፈጭቶ ከመጣ በዓይን የሚለየው የለም። ሜዳ ላይ ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው፤ መቅመቆ ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ መሠረቱ ላይ እንደ ጦር ጫፍ ወደ ጎን ይሾላል፣ ፍሬው ስስና ልሙጥ ክንፍ አለው። ቱልት አጭር ነው፣ ቅጠሉ ሞላላ ነው፣ ፍሬው መንጠቆ ስላለው ልብስ ላይ ይጣበቃል። ለሚቆፍርም መክሯል፤ ክረምት ወጥቶ ቅጠሉ ሲጠወልግ መቆፈር፣ የሥሩን ጭንቅላት ከነቡቃያው መልሶ መቅበር፣ የቀረውን አጥቦ ከጣት በቀጠነ ቁራጭ መክተፍና ጥላ ላይ በሰሌን ማድረቅ። መሬት ላይ የተሰጣ ሥር አፈርና ሻጋታ ይዞ ይገባል።

መልስ 19 ላይ ደነገጥኩ። ጸሐፊው መቅመቆው ካልሠራ ትንሽ የእንዶድ ሥር ቢጨመርበት ደም ያጠራል አለ። መልስ 20 የክሩ እጅግ ኃይለኛ መልስ ነው፤ እኔም አልፈርድበትም። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ያረጋገጡት፣ እንዶድ ገዳይ ስለሆነ ነው፤ ያውም በፍሬው። ሥሩን የጠጣ ሰው ያስመልሰዋል፣ ደም ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው ብሎ፣ መልስ 19 እንዲነሳ አወያዩን ጠየቀ። ተነስቷል፤ አሁን በቦታው ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 21 ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ዱቄት የሚጠጡ ወላጆች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምንም አልወስድም እንደሚሉ፣ ሐኪሙም የፖታሲየሙን መውረድ ከየት እንደመጣ ፈልጎ እንደሚያጣ ጻፈች። መቅመቆ ብሎ መንገር እዚያ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ የተክሉን ሳይንሳዊ ስም፣ ሩሜክስ አቢሲኒከስ፣ ብሎ መጻፍና እንደ ሴና ሆድ የሚያስኬድ ነው ማለት ግን ወዲያው ይገባዋል። ዱቄቱ ባለበት ከረጢት ላይም ስሙንና የተገዛበትን ወር መጻፍ ጥሩ ነው ብላለች፤ ስም የሌለው ቢጫ ዱቄት ጉምሩክ ላይም ያስጠይቃል። ይህ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጓዦች እንደሚብስ ከሥሯ አንድ ሰው አክሏል፤ መልሱ 22 ነው።

መልስ 23 ኩላሊትን አነሳ። የመቅመቆ ዘመዶች ጎምዛዛ የሚሆኑት ኦክሳሊክ አሲድ ስላላቸው ነው፤ ብዙው ቅጠሉ ላይ ነው። በስፔን ከዚሁ ዘር የሆነ ቅጠል በሾርባ በብዛት የበላ የስኳር ሕመምተኛ መሞቱ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። የኩላሊት ጠጠር ያለበትና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሥሩንም ቅጠሉንም እንዲተው መክሯል። ብዙ ሰው መቅመቆን የሚያምነው ኩላሊት ያጥባል ተብሎ ስለሆነ ይህን ከላይ ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው፣ መልስ 24፣ ያው የመድኃኒት ቤት ባለሙያው ነው፤ አሁንም እርስዎ ነው የሚለው። ክኒኑን ያቆመ ሰው በራሱ እጥፍ አድርጎ እንዳይጀምር፣ ያዘዘለትን ሐኪም ወይም መድኃኒት ቤቱን ጠይቆ በነበረው መጠን እንዲመለስ ነገረው። ልኬቱንም አሳየው፤ ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም፣ ሽንት ይሸናል፣ 5 ደቂቃ ጀርባን ደግፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እግር አይጠላለፍም፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል እንጂ በሹራብ ላይ አይደለም። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንት። 180 በ120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መያዝ ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

የከፈተው ሰው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ጽሑፉን ግን አርሞታል፤ ክኒን አያስፈልግም የሚለው ወጥቷል። ማንኪያው የቱ እንደሆነ ግን አሁንም አልተጻፈም።